ስሙ ተሸጠ፤ ማሊያውስ?

ሜይ 2012 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሰርጂዮ አጉዌሮ በባከነ ሰዓት ኪውፒአር ላይ አግብቶ፣ ማሊያውን አውልቆ እያሽከረከረ ኢትሃድን ቀወጠው። ማንቸስተር ሲቲ ከ44 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ ሳመ። በዚያች ማሊያ ላይ የነበረው ምልክት የአምብሮ ነው። ለአንድ ማሊያ አምራች ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? ወሩ ሳያልቅ ግን የአምብሮ ባለቤት የነበረው ናይኪ ድርጅቱን ሊሸጠው መወሰኑን ይፋ አደረገ።

ደጋፊ ሰብሰብ ባለበት ሁሉ አንድ ክርክር አይጠፋም። «ትልቁ ኩባንያ ትንሹን ከገዛው ዕቃው አለቀለት» ይባላል። «የድሮው ማሊያ እኮ ሌላ ነበር» የሚለውም ይከተላል። ነገሩ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ዕቃውን የሚገድለው መሸጡ አይደለም። ወሳኙ ገዢው ምን ፈልጎ ገዛ የሚለው ነው፦ ሙያውን ነው ወይስ ስሙንና ኮንትራቱን?

አምብሮ በ1924 እንግሊዝ ውስጥ ዊልምስሎ በምትባል ከተማ የተጀመረ ቤት ነው። እንግሊዝ በ1966 የዓለም ዋንጫን፣ ብራዚል በ1994 አራተኛዋን፣ ማንቸስተር ዩናይትድ በ1999 ሦስቱን ዋንጫ ያነሱት አምብሮ ለብሰው ነው። ናይኪ በ2007 ሊገዛው ተስማማ፤ በ2008 በ285 ሚሊዮን ፓውንድ ጠቀለለው።

ታዲያ ማሊያው ወዲያው ተበላሸ? በፍጹም። በ2009 ለእንግሊዝ የወጣችው ነጭ ማሊያ እንደ ሙሉ ልብስ በደረት ልክ የተሰፋች፣ ባለ ኮሌታ፣ ምንም ያልተዥጎረጎረባት ነበረች። ዛሬም ማሊያ የሚሰበስቡ ሰዎች ከምርጦቹ ተርታ ይመድቧታል። በናይኪ ዘመን አምብሮን የጎዳው ጥራት አልነበረም፤ ደንበኛ ነው የሄደበት። እንግሊዝም ሲቲም በ2013 ወደ ራሱ ወደ ናይኪ ተሻገሩ። አምብሮ ደግሞ በ2012 መጨረሻ አይኮኒክስ ለሚባል የአሜሪካ ድርጅት በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ይህ ከተገዛበት ግማሹን እንኳ አይሞላም። ሥጋው ተበልቶ አጥንቱ ተሸጠ ማለት ይቀላል።

የሪቦክም ታሪክ ብዙ አይርቅም። ሊቨርፑል በሜይ 2005 ኢስታንቡል ላይ ሚላንን ከ3 ለ0 ተነስቶ ጉድ ሲሠራው ደረቱ ላይ ሪቦክ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ አዲዳስ ሪቦክን በ3.8 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መሆኑ ተሰማ። ግዢው በ2006 መጀመሪያ ሲያልቅ፣ ቀያዮቹ በዚያው ዓመት የአዲዳስን ሦስት መስመር ለበሱ። አዲዳስ በ2021 ሪቦክን ቢበዛ 2.1 ቢሊዮን ዩሮ በሚደርስ ዋጋ ለኦተንቲክ ብራንድስ ለመሸጥ ተስማማ፤ ሽያጩም በ2022 ተጠናቀቀ።

እውነተኛው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አይኮኒክስም ሆነ ኦተንቲክ ብራንድስ ሥራቸው ስም ማከራየት እንጂ ልብስ መስፋት አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እነሱ ተረቱን ንግድ አደረጉት። በአንዱ አገር አንዱ፣ በሌላው አገር ሌላው ፈቃድ ይገዛና ያንኑ ምልክት ለጥፎ ይሸጣል። ተከራዩ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለስሙ ባለቤት ድርሻ ይከፍላል። ጨርቁ፣ ስፌቱና ትርፉ የሚወጡት ከቀረው ነው። ሂሳቡ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ደግሞ ቶሎ የማይታየው ነው፦ የጨርቁ ውፍረት፣ የክሩ ጥንካሬ፣ በጥልፍ ፋንታ በሙቀት የሚለጠፍ አርማ።

«ናይኪና አዲዳስስ መች ራሳቸው ይሰፋሉ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ አብዛኛውን የሚያሰፉት እስያ ባሉ የሰው ፋብሪካዎች ነው። ልዩነቱ ዲዛይኑም ቁጥጥሩም ከአንድ ቤት መውጣቱ ላይ ነው። ማሊያው ሲተረተር ተጠያቂው ይታወቃል። በኪራይ ስም ግን ባለስሙ ወደ ተከራዩ፣ ተከራዩ ወደ ፋብሪካው ሊጠቁም ይችላል።

ተሽጦም ያልረከሰ አለ። ሰሎሞን የተባለውን የፈረንሳይ የተራራ ዕቃ አምራች አዲዳስ በ1997 ገዛው። በ2005 ለፊንላንዱ አሜር ሸጠው። አሜርን ራሱን ደግሞ በ2019 በቻይናው አንታ የሚመራ ቡድን ገዛው። ባለቤቱ ሦስቴ ሲቀያየር የሰሎሞን ዋና ቤት ግን ከአልፕስ ተራሮች ሥር፣ ከአንሲ አካባቢ አልተነቀለም። ጫማው ዛሬም የተራራ ሯጮች እግር ላይ ነው። ሙያተኛው ካልተበተነ የባለቤት መቀየር ብቻውን ዕቃ አይገድልም።

ለድሮው ማሊያ የሚቀርበው ውዳሴም በልክ ቢሆን ይሻላል። ከ20 ዓመት በኋላ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚገኘው ጠንካራው ነው፤ የተቀደደውማ ድሮ መወልወያ ሆኗል። የዛሬው ማሊያ መቅለሉም ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። ተጫዋቹ ላብ ተሸክሞ እንዳይሮጥ ታስቦ ነው።

ጉዳዩ የሰው አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል፣ ዋልያዎቹ በ2022 መጀመሪያ ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የለበሱት አምብሮ ነበር፤ ያውም ከአይኮኒክስ በኋላ ያለውን አምብሮ። ያ ማሊያ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ዋናው ትምህርት ሌላ ነው። ፌዴሬሽንም ሆነ ክለብ ነገ ከትልቅ ስም ጋር ሲፈራረም በ1966 እና በ1999 ዝና መስከር የለበትም። ማን ይሰፋዋል? ጨርቁ ምንድን ነው? ናሙናው የታለ? ቀለሙ ቢለቅ ማን ይተካል? እነዚህ ኮንትራቱ ላይ በጽሑፍ ሊሰፍሩ ይገባል።

ደጋፊውም ቢሆን ገንዘቡን ለምልክት ብቻ አውጥቶ ከማዘን፣ ማሊያውን ገልብጦ የውስጡን ስፌት ቢያይ ይሻለዋል። ስሙን ማንም ሊከራየው ይችላል፤ ስፌቱ ግን አይዋሽም።