ታሪክ ዳኛ ነውን?

በክርክር መካከል አንዱ ወገን መልስ ሲያጣ «ተወው፤ ታሪክ ይፍረደን» ብሎ መነሣቱ የተለመደ ነው። እኛም ተማሪዎች ሳለን ይህንኑ ብለን ከአዳራሽ የወጣንበት ቀን አለ። ለመሆኑ ግን የዚህ ዳኛ ችሎቱ ወዴት ነው? መዝገቡንስ የሚጽፍለት ማን ነው?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄገል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1822 ጀምሮ፣ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የታሪክን ፍልስፍና ሲያስተምር፣ የዓለም ታሪክ የሰው ልጅ ነጻነቱን እያወቀ የሚሄድበት ጉዞ ነው አለ። ሐሳቡ ታላቅ ነው፤ ዛሬም አንባቢውን ይማርካል። ነገር ግን ይኸው ሊቅ ወደ አፍሪቃ ሲደርስ፣ ከግብፅና ከሰሜኑ ዳርቻ በቀር፣ ታሪክ የሌላት ናት ብሎ አለፋት። አፍሪቃን ረግጧት አያውቅም፤ የፈረደው መንገደኞችና ሚስዮናውያን የጻፉትን እያነበበ ነው። የአንድ ወገን ምስክር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ በአገራችን ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል።

ይልቁንም የሚያስገርመን ሌላ ነው። የሃይቲ ባሮች የናፖሌዎንን ጦር አሸንፈው ነጻ መንግሥት ያቆሙት በ1804 ነው፤ ሄገል ትምህርቱን ከመጀመሩ 18 ዓመት አስቀድሞ ማለት ነው። የታሪክ ግቡ ነጻነት ከሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይመጣ ነበር? እርሱ ግን የዓለምን ታሪክ ለምሥራቅ፣ ለግሪክ፣ ለሮማና ለጀርመን ዓለም ሲያካፍል ለሃይቲ ምዕራፍ አልሰጣትም። በ1825 ደግሞ የፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል 10ኛ የጦር መርከቦች ልኮ፣ ለቀድሞ ባለ ርስቶች 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ እንድትከፍል አስገደዳት፤ በ1838 ቢቀነስላትም፣ ለዚሁ ስትል የገባችበት ዕዳ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ተከተላት። ነጻ የወጣው ካሣ ከፋይ፣ ባሪያ ያደረገው ካሣ ተቀባይ! «የሆነው ሁሉ መሆን ስለ ነበረበት ሆነ» የሚል ፍልስፍና ይህን ምን ብሎ ይጠራዋል?

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ ቢሮ የገባን ወጣቶች በየቀኑ የምንነካው ነው። ለመንገድ ወይም ለፋብሪካ ከመሬቱ የሚነሣውን ገበሬ «የልጅ ልጆችህ ያመሰግኑናል» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። ገና ያልተወለዱት ምስክር ሆነው ሲቆጠሩ፣ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ግን አልተሰማም። መንገዱ አያስፈልግም አላልንም፤ ያስፈልጋል። ሆኖም የመንገዱ ጥቅም ለሰውየው የሚገባውን ካሣ አይተካለትም። ፋይሉን ስንዘጋም «ሥራው በሰላም ተፈጸመ» ከሚለው ሪፖርት ጎን የገበሬው አቤቱታ፣ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት፣ ይቀመጥ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚገልጠው ሰው ሁለቱንም ያንብባቸው።