ማሽኑ ያተረፈው ሰዓት የማን ነው?

እህቶቼ፣ ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ስለ ኤር ፍራየር ነው። አትሳቁ። የደሞዝ፣ የፓስፖርትና የኢጃዛ ጉዳይ እያለ ስለ ድንች መጥበሻ ምን ይወራል እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ያ ሁለት ቅርጫት ያለው ማሽን እኔ ያለሁበት ቤት ከገባ ወዲህ እንቅልፌ በአንድ ሰዓት አጥሯል። ሻርጃ ያለችውም ጓደኛዬ፣ ዱባይ ሚርዲፍ ያለችውም ስንደዋወል ያንኑ ነው የነገሩኝ። ስለዚህ ነገሩ የድንች ብቻ አይደለም።

እኔ ያለሁት አጅማን ነው፤ ዘጠኝ ሰው የሚበላበት ባለ አንድ ፎቅ ቪላ። ማሽኑ ከረመዳን በፊት በቅናሽ ተገዝቶ መጣ። ማዳም ከካርቶኑ አውጥታ ሰካችውና "ከእንግዲህ ተገላገልሽ፤ እሱ ራሱ ያበስላል፣ አንቺ ላይ ወጥተሽ ልብስ ተኩሺ" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ከልቧ ነው ያለችው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ክንዴ ላይ የጋለ ዘይት ፈንጥቆ የጣለብኝ ጠባሳ አለ፤ ዘይት ፊት ቆሞ መጥበስ ቢቀርልኝ ማን ይጠላል?

እውነቱን ልናገር፣ ማሽኑ ጥሩ ነው። ዘይት አይፈነጥቅም፣ ወጥ ቤቱን ጭስ አይሞላውም፣ ምጣዱ ዳር ተገትሬ አልቆምም። እኔ የምቃወመው ማሽኑን አይደለም። የምቃወመው "ራሱ ያበስላል" የሚለውን አነጋገር ነው። ይህ አነጋገር ውሸት ነው፤ ውሸቱን የምንከፍለው ደግሞ እኛ ነን።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ እንወቅ። ስሙ መጥበሻ ይባል እንጂ አይጠብስም። ትንሽ ፉርኖ ነው። ከላይ የሚግል ሽቦ አለው፣ ከሽቦው ጋር ደግሞ ፋን አለ። ፋኑ የጋለውን አየር በኃይል ወደ ታች ይነፋዋል፤ አየሩ በምግቡ ዙሪያ እየዞረ ላዩን ያደርቀዋል፣ ያቀላዋል። ባለ ሁለት ቅርጫት የሚባለው ሁለት መሳቢያ ጎን ለጎን ያለው ነው፤ በአንዱ ዶሮ፣ በሌላው ድንች። "ሲንክ" የሚለውን ስትጫኑ ረጅም ሰዓት የሚፈልገው ቀድሞ ይጀምራል፣ አጭሩ ይጠብቃል፣ ሁለቱም እኩል ያልቃሉ። "ማች" የሚለው ደግሞ የአንዱን ሙቀትና ሰዓት ለሌላው ይገለብጣል። ብልህ ሥራ ነው፣ አልክድም።

ግን አየር ነው የሚያበስለው ካልን፣ አየሩ ማለፊያ ይፈልጋል። ድንቹን እስከ አፉ ከሞላችሁት አየሩ አይገባም፤ ድንቹ ይታፈናል፣ ላዩ ይቀላል ውስጡ ይላቁጣል። ዶሮም ተነባብሮ ከተቀመጠ የታችኛው ጥሬ ይቀራል። መሳቢያው ላይ "ማክስ" የሚል መስመር አለ፤ መስመሩ ከዚህ አትለፉ ለማለት ነው እንጂ እስከዚህ ሙሉ ለማለት አይደለም። ሌላም አለ። በብዙዎቹ ማሽኖች ሁለቱም ቅርጫት ሲሠራ ጉልበቱን ስለሚካፈሉ አንዱ ብቻውን ሲሠራ ከሚወስደው የበለጠ ደቂቃ ይፈጃል። መመሪያ ደብተሩን ብታዩ ለአንድ ቅርጫትና ለሁለት ቅርጫት የተጻፈው ሰዓት ብዙ ጊዜ ይለያያል። ማዳሞቻችን ግን ያዩት የአንዱን ሰዓት ነው፣ ያሰቡት የሁለቱን ምግብ ነው።

አሁን ሒሳቡን ልሥራላችሁ። እኛ ቤት ለእራት አሥራ ሁለት የዶሮ ቅልጥምና አንድ ኪሎ ተኩል ድንች ይቀርባል። በአንድ ቅርጫት ሳይነባበር የሚገባው ስድስት ቅልጥም ነው። በሌላው ድንቹ በግማሽ። ስለዚህ ሁለት ዙር። አንዱ ዙር 30 ደቂቃ ነው፣ ሁለቱ አንድ ሰዓት። መሀል ላይ ዶሮውን መገልበጥ፣ ድንቹን ሁለት ጊዜ ማራገፍ አለ። የመጀመሪያው ዙር እስኪጠበቅ ይቀዘቅዛልና ተመልሶ ይሞቃል። ከዚያ ሁለት መሳቢያና ሁለት ወንፊት ይታጠባል፤ ቅቡ እንዳይላጥ በብረት መፋቂያ አይነካም፣ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ በስፖንጅ በቀስታ ነው። በዘይት ስጠብስ በሁለት ምድጃ አርባ ደቂቃ ቆሜ እጨርስ ነበር፣ የማጥበው ሁለት መጥበሻ ነበር። እንግዲህ መቆሙ ቀንሷል፣ እውነት ነው። ሰዓቱ ግን ጨምሯል። ማዳም የምትቆጥረው የቀነሰውን ብቻ ነው።

"ታዲያ እስኪበስል ሌላ ሥራ ትሠሪያለሽ" ይባላል። ይኸውላችሁ ዋናው ጉዳይ! ማሽኑ ከመቆም ያሳረፈኝ ያቺ ደቂቃ ወዲያው በካውያ ተይዛለች። ላይ ፎቅ ካንዱራ እየተኮስኩ ታች ማሽኑ ይጮኻል። ካውያውን አቁሜ በደረጃ እሮጣለሁ፣ ድንቹን አራግፋለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ። እንደገና ይጮኻል። ሻርጃ ያለችው ጓደኛዬ እንዲህ ስትሮጥ ካውያውን ልብሱ ላይ ትታው ወረደች፤ ካንዱራው ተቃጠለ፣ ከደሞዟም ተቆረጠ። ጥፋቱ የማን ነው? ካውያውን የተወችው እሷ ናት። ግን አንድ ሰው ሁለት ቦታ እንዲቆም ያዘዘውስ? ለማሽኑ ሁለት ቅርጫት ተሠራለት፣ ለእኛ ግን ሁለተኛ ገላ አልተሠራልንም።

ሌላው ደግሞ የሌሊቱ ነው። በዘይት በምንጠብስበት ጊዜ ከእራት በኋላ "ጥበሺልኝ" የሚል አልነበረም፤ ሽታው ቤቱን ስለሚሞላው ማዳም ራሷ አትፈቅድም ነበር። አሁን ልጆቹ ሌሊት ስድስት ሰዓት መጥተው ናጌት ይላሉ። "ቁልፍ መጫን ብቻ እኮ ነው" ይባላል። ቁልፉን መጫን ብቻ ከሆነ ለምን ልጁ አይጫነውም? መነሳት አለ፣ ከፍሪዘር ማውጣት አለ፣ መጠበቅ አለ፣ ማጠብ አለ። ያቺ አንዲት ቁልፍ ናት እንቅልፌን የወሰደችው። በረመዳንማ አይወራም፤ ከኢፍጣር ሳምቡሳ እስከ ሱሁር ድረስ ማሽኑ አይበርድም፣ እኔም አልተኛም።

እናቴ ኮምቦልቻ ናት። ልጅ ሆኜ በማገዶ ስትጋግር ዓይኗ በጭስ ያለቅስ ነበር። ኋላ ኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች። ጭሱ ቀረ፣ እንጨት ለቀማው ቀረ። በተረፈው ሰዓት ምን አደረገች? ቡና አፍልታ ከጎረቤት ጋር ተቀመጠች። ምጣዱ የሷ፣ ሰዓቱም የሷ ነበረ። እኔ ጋ ግን ማሽኑ የሰው፣ ያተረፈው ሰዓትም የሰው ሆነ። የእኔ የሆነው ሩጫው ብቻ ነው። እኔ የምለው፣ መሣሪያ ሥራ ሲያቀል ከቀለለው ላይ ለሠራተኛዋም ይድረሳት። ሩብ ሰዓት እግር ዘርግቶ መቀመጥ እኮ ቅንጦት አይደለም።

"ልመና ነው እንጂ መብት አይደለም" የምትል ካለች ተሳስታለች። የዚህ አገር መንግሥት ለቤት ሠራተኞች ያወጣው ሕግ አለ፤ ቁጥር 9 የ2022 ይባላል፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 15 ቀን 2022 ጀምሮ ነው። በዱባይም፣ በሻርጃም፣ በአጅማንም ሕጉ አንድ ነው። በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይቆራረጥ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደሞዝ ያለው ዕረፍት፤ በዓመት 30 ቀን ደሞዝ ያለው ኢጃዛ። ልብ በሉ፣ ሕጉ "ኤር ፍራየር ካለ 11 ሰዓት" አይልም። ሥራሽ ቀለለ ወይስ ከበደ ብሎም አይጠይቅም። 8 ሰዓት ሳይቆራረጥ ማለት ደግሞ መሀል ላይ ለናጌት መነሳት የለም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ከእኛም ጥፋት አለና።

አንዳንዶቻችን ማሽኑን ሆን ብለን እናበላሸዋለን። "አይሠራም ማማ" ብለን ወደ ዘይት እንመለሳለን። እኔ በዚህ አልስማማም። በዘይት የሚቃጠለው የራሳችን እጅ ነው። ደግሞም ውሸቱ የተነቃበት ቀን እውነት ስንናገርም አንታመንም።

ሌሎቻችን ደግሞ ማሽኑን ሳናውቀው ቁልፍ ብቻ እንጫናለን። ዶሮው ጥሬ ሲወጣ ስድቡን እንቀበላለን። ያላወቀች ሴት መከራከሪያ የላትም። ማዳም ሉቀይማት በኤር ፍራየር ሥሪ ብትል፣ ቀጭን ሊጥ በአየር እንደማይያዝ፣ በወንፊቱ ሾልኮ ታች እንደሚፈስ ማወቅ አለብሽ። ሳምቡሳ ግን ላዩን በብሩሽ ዘይት ከተቀባ ያምራል። ድንች ተቆርጦ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆይቶ በደንብ ደርቆ ሲገባ ይሻላል፤ ቢጫ ሲሆን ይውጣ፣ ሲጠቁር ለጤናም ጥሩ አይደለም። ዶሮ አጥንቱ ሥር ደም የቀላቀለ ውሃ ካለው አልበሰለም፤ የሙቀት መለኪያ ካለ ውስጡ 74 ዲግሪ ይድረስ። ማሽኑን ግድግዳ ላይ አታስጠጉት፣ ከኋላው ትኩስ አየር ይወጣል። ከውሃ ማፍያው ጋር በአንድ ኤክስቴንሽን አትሰኩት። ባለ ሁለት ቅርጫቱ ብዙ ጊዜ ከ2,400 እስከ 2,800 ዋት ይስባል፣ የዚህ አገር ሶኬት ደግሞ የሚችለው 3,000 አካባቢ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ገመዱ ይቀልጣል። እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የምትጠየቀዋን ታውቋታላችሁ።

ብዙዎቻችን ደግሞ ዝም እንላለን። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እያልን እንመካከራለን። አገራችን ሌላም ተረት አላት እኮ፦ "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።" ከደጃዝማችነቱ በፊት ለእኛ የቀረብን እንቅልፍ ነው። ተጨቃጨቁ አልልም፤ የሁላችንም ቤት አንድ አይደለም፣ ክፉ ቤት ያለች እህት እንዴት እንደምትናገር እሷ ታውቃለች። ግን የሚቻላት ትናገር፤ ስትናገርም በቁጥር።

እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ በወረቀት ጻፍኩ፦ ስንት ዙር፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስንት ጊዜ ተነሳሁ። ከዚያ ማዳም ደህና በሆነችበት ሰዓት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ፣ አሳየኋት። "ማማ፣ መረተይን፣ ሲቲን ደቂቃ" አልኳት፤ ሁለት ዙር፣ ስልሳ ደቂቃ ማለት ነው። መጀመሪያ አላመነችም። በዚያው ማታ ስልኳ ላይ ሰዓት ሞልታ አብራኝ ቆመች። ስልሳ አምስት ደቂቃ ሆነ። ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ ግን ማሽኑ ሲሠራ ካውያ የለም፤ አጠገቡ ወንበር አለኝ። ስለ ሌሊቱ ናጌትም ተነጋግረን ከአራት ሰዓት በኋላ ልጆቹ ራሳቸው እንዲሠሩ፣ እኔ ጠዋት እንዳጥበው ሆነ። ሁልጊዜ አይከበርም፤ እንግዳ ሲመጣ ይፈርሳል። ቢሆንም ከነበረው ይሻላል።

ይህ በሁሉም ቤት ይሠራል ብዬ አልዋሽም። የማይሠራበት ቤት ያላችሁ፣ ወረቀቱን ግን ጻፉ፣ ደብቃችሁ ያዙት። ነገሩ ከፍቶ ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴሩ በ600590000 የምትደውሉበት ቀን ቢመጣ "ደክሞኛል" ከማለት ቀኑንና ሰዓቱን መናገር ይሻላል። በሚቀጥለው ስንገናኝም አምጡት፤ የአጅማኑን፣ የሻርጃውንና የዱባዩን አንድ ላይ አድርገን እናያለን።

ከዚህ በኋላ "ራሱ ያበስላል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ድንቹን ማን ላጠው? ማን አራገፈው? ቅርጫቱን ማን አጠበው? እንግዲያው ያተረፈውም ሰዓት ለዚያችው ሴት ይድረሳት።