ለእንግዳ ስምን ከማበደር ምስክር መሆን ይሻላል

በአገራችን ደራ የሚባሉ ቦታዎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ዛሬ የምንናገረው ግን በአርሲ ዞን የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ስለ ሆነችው፥ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለምትገኘው ደራ ነው። ወደዚች ከተማ በየጊዜው አዲስ ሰው ይገባል። አንዱ ለማስተማር ተመድቦ፥ ሁለተኛው ለንግድ፥ ሌላይቱም በሰው ቤት ተቀጥራ ለመሥራት ይመጣሉ። እንግዳው ማደሪያ ካገኘ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስልክ ነው፤ በደኅና መግባቱን ለናቱ የሚነግረው፥ ለሥራ የሚጠራው፥ ገንዘብም የሚቀበለው በርሱ ነውና።

በቀድሞው ጊዜ አገር ያላወቀው ሰው ብድር ለመውሰድ ወይም ሥራ ለመግባት ሲፈልግ «ዋስ አምጣ» ይባል ነበር። ዋሱም የሰውየውን ጠባይ የሚያውቅና እርሱ ቢያጠፋ ስለርሱ የሚከፍል ነው። ዛሬ ደግሞ የስልክ ቁጥር ራሱ ቀስ በቀስ በዋስ ፈንታ መቆም ጀምሯል። ስለዚህ ቁጥሩ በማን ስም እንደ ተመዘገበ ማወቅ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ነገር መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲም ካርድ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ዛሬ ግን ኢትዮ ቴሌኮም፥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለሕዝብ ያቀርቡታል። አብዛኛው ሰው የሚገለገለው በቅድመ ክፍያ ነው፤ ይኸውም ሒሳቡን አስቀድሞ ሞልቶ በሞላው መጠን መናገር ማለት ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ስለሚከፈል ሻጩ እንግዳው ከዚህ በፊት ከማን ተበድሮ እንዴት እንደ ከፈለ የሚመረምርበት ምክንያት የለውም። የሚጠይቀው ማንነቱን የሚያስረዳ መታወቂያ ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። አዲስ መጪ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ሲሄድ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ እንዲያመጣ ይጠየቃል። መሸኛ ሳይዝ የመጣ ሰው፥ ይልቁንም ከገጠር የወጣች ወጣት፥ ሥራዋን ትታ ወደ መጣችበት መመለስ ይከብዳታል። ስለዚህ የቀለለ የሚመስለውን መንገድ ትይዛለች፤ በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም ካርድ ትገለገላለች።

በደራ የምትኖር አንዲት ሴት በዚህ ምክንያት የደረሰባትን አጫውታናለች፤ ስሟን መጥቀስ አያስፈልግም። በሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዋ ልጅ በስሙ ያወጣውን ሲም ካርድ ሰጣት። እናቱም «ምን ቸገረሽ ልጄ፥ በርሱ ስም ቢሆንስ የምትናገሪበት አንቺ አይደለሽም?» አሏት። እርሷም «እግዜር ይስጥልኝ፥ እትዬ» ብላ ተቀበለች። በኋላም ከቤታቸው ወጥታ ሽንኩርትና ቲማቲም መቸርቸር በጀመረች ጊዜ ደንበኞቿ የሚከፍሏት በቴሌብር ሆነ፤ ለታናሽ ወንድሟ ትምህርት የምታጠራቅመውም በዚያው ቁጥር ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ከቆየች በኋላ አንድ የገበያ ቀን ስልኳ ተሰረቀ። ምትክ ሲም ካርድ ለማውጣት ስትሄድ «ባለ ስሙ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ» ተባለች። ባለ ስሙ ግን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዶ ነበር። እስኪመለስም ድረስ ስምንት ወር ጠበቀች፤ የወንድሟንም ወጪ ከጎረቤት እየተበደረች ቻለች።

ከነዚህ ሰዎች መካከል ክፉ ያሰበ ማንም አልነበረም። ልጁና እናቱ ያደረጉት በደግነት ነው። ሠራተኛውም ደንቡን በመጠበቁ አይወቀስም፤ ቁጥሩን ለጠየቀው ሁሉ ቢሰጥ ኖሮ የማንኛችንም ገንዘብ በሰላም አያድርም ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ደግነት መካከል የአንዲት ምስኪን ጥሪት ተይዞ ቀረ።

ጉዳቷ የገንዘቡ መያዝ ብቻ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድር አስጀምሯል። ይህ ብድር ቤት ወይም መሬት በመያዣነት አይጠይቅም፤ የሚመዘነው ደንበኛው በቁጥሩ ያደረገው የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው። ያለ ምክንያት መበደር መልካም ባይሆንም፥ ለንግዷ ጥቂት ወስዳ በቀኑ የመለሰች ሴት ለራሷ የታማኝነት ስም ታተርፋለች። በሰው ቁጥር የሠራች እንደ ሆነ ግን ያ መልካም ስም የሚጻፈው ለባለ ቁጥሩ ነው። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ስሙን ያበደረውም ሰው ቢሆን ከአደጋ ነፃ አይደለም። በዚያ ቁጥር ማታለል ወይም ሌላ ወንጀል ቢሠራበት አስቀድሞ የሚጠየቀው በስሙ የተመዘገበው ነው።

ይህ ነገር ከአገር ወጥተው ለሚሄዱትም ልጆቻችን ትምህርት ይሆናል። በአሜሪካ በየወሩ የሚከፈልበትን የስልክ ውል ለመዋዋል የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የብድር ታሪኩ ይመረመራል፤ ታሪኩም ከ300 እስከ 850 በሚደርስ ነጥብ ይገመታል። በደራ ገበያ ሃያ ዓመት ዕዳውን በቀኑ ሲከፍል የኖረ ነጋዴ እንኳ እዚያ በደረሰ ጊዜ ታሪክ እንደሌለው ሰው ይቈጠራል፤ የአገሩ ታማኝነት ባሕር አቋርጦ አይከተለውምና። ስለዚህ ወይ መያዣ ገንዘብ ያስቀምጣል፥ ወይም እንደ አገሩ ልማድ በቅድመ ክፍያ ይጀምራል። ዘመዱ በራሱ ውል ውስጥ ቢያስገባው ደግሞ እንግዳው መክፈል ባቃተው ጊዜ ዕዳው የሚወድቀው በፈረመው ዘመድ ላይ ነው። በዚያም እንደዚህ የሰው ስም ለጊዜው ያስጠጋል እንጂ ቤት አይሆንም።

እንግዲህ መታወቂያ የሌላት እንግዳ ምን ታድርግ? በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መንገድ ከፍቷል። ፋይዳ የተባለው ይህ መታወቂያ የጣት አሻራን፥ የዓይን ብሌንንና የፊትን ምስል መዝግቦ ለያንዳንዱ ሰው 12 አሐዝ ያለው የማይደገም ቁጥር ይሰጣል። የጽሑፍ ማስረጃ የሌለው ሰውም በሰው ምስክር የሚመዘገብበት ሥርዓት አለው። ምዝገባው በኢትዮ ቴሌኮም የሽያጭ ማእከሎችም ስለሚደረግ፥ እንግዳይቱ ተመዝግባ መታወቂያዋን ካገኘች በኋላ ሲም ካርዱን በገዛ ስሟ ልታወጣ ትችላለች። እስካሁን በሰው ቁጥር የምትገለገል ብትኖር ደግሞ ባለ ስሙ በቅርብ ሳለ፥ ስልኩም ሳይጠፋ፥ ሁለቱም መታወቂያቸውን ይዘው ሄደው ቁጥሩን ወደ ስሟ ለማዛወር ይጠይቁ። ነገ ይደረጋል እየተባለ የቆየ ነገር ባለ ስሙ ከሄደ በኋላ አይገኝም።

የቤት እመቤቶችና አባወራዎች ሆይ፥ በቤታችሁ የምታገለግለውን ልጅ ለመርዳት ብታስቡ የራሳችሁን ወይም የልጃችሁን ሲም ካርድ አታቀብሏት። ይልቁንም አንድ ቀን ፈቃድ ስጧትና አብራችኋት ሂዱ፤ ማስረጃ ቢጐድላት «ይህችን ልጅ እናውቃታለን» ብላችሁ መስክሩላት። ስማችሁን ብታበድሯት አንድ ቀን መመለሷ አይቀርም፤ ብትመሰክሩላት ግን የምታገኘው የራሷን ስም ነው፤ ያንንም ከቤታችሁ በወጣች ጊዜ ይዛው ትሄዳለች።