አውራ ጣት ከመነከሩ በፊት ይነበብ!

በቦምቤና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ስለ ኑዛዜ ሲነሳ «ምስክር ሞልቷል፤ ሽማግሌው ሁሉ ያውቀዋል» ማለት የተለመደ ነው። ሽማግሌ ማወቁ ጥሩ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ምስክር ግን ከዚህ የተለየ ስለሆነ አስተያየቴን አቀርባለሁ።

እንበል፣ አንድ አባት የመጀመሪያ ሚስቱ ሞታበት ሌላ አገባ። ቤቱን የሠራው ሁለተኛይቱን ከማግባቱ በፊት ነው። አስታማ የጦረችው እሷ ናትና ቤቱን ለእሷ ሊናዘዝ ፈለገ። ጸሐፊ ተጠርቶ በአማርኛ ተጻፈ። ከዚያ ወረቀቱ ከደጅ ደጅ ዞረ። አንዱ ምስክር ከማሳው ላይ፣ ሌላው በማግስቱ ከገበያ ሲመለስ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ያነበበላቸው የለም። ሰውየው አርፎ ልጆቹ ሲከራከሩ ዳኛው ምስክሮቹን «ሲነበብ ሰምታችኋል ወይ?» ይላቸዋል። «ኧረ አልሰማንም፣ ፈርሙ ተባልን ፈረምን።» በቃ፣ ኑዛዜው ፈረሰ።

የሚጎዳው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለበት ልጆችን፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ እኩል ያወርሳል። ሚስት ግን በዚህ ሕግ የባሏ ወራሽ አይደለችም። ከጋራ ንብረት ድርሻዋን ትወስዳለች እንጂ ባልየው ከጋብቻ በፊት ያፈራው ለእሷ የሚደርሳት በኑዛዜ ብቻ ነው። ስለዚህ አራት ሰዎች ሳይሰሙ በመፈረማቸው አንዲት ሴት ከቤቷ ትወጣለች ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

ሕጉ በአንቀጽ 881 የሚለው ግልጽ ነው። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ተናዛዡም ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ፣ ወይም ጣታቸውን ያሳርፋሉ። በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም መዝጋቢ አንዱ ምስክር ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ምስክሩ ደግሞ የሚነበበውን ራሱ የሚረዳ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ነው የኛ አገር ችግር። በአማርኛ የተጻፈውን አማርኛ ለማይሰማ የወላይታ ገበሬ ቢያነቡለት ምን ሰማ ይባላል? እኔ እንደሚመስለኝ ምስክሮቹ የሚያውቁት ወላይትኛ ከሆነ ኑዛዜው በወላይትኛ ይጻፍ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ ዛሬም ልጆቻችን ይማሩበታል። የሚጽፍ ሰው ጠፋ አይባልም። ፍርድ ቤት ለመቅረብ ካስፈለገ ያኔ ይተረጎማል።

«ኋላ ሄደን ቃለ መሐላ እንሰጣለን» የሚሉም አሉ። የወራሽነት ማስረጃ ሲጠየቅ ቃለ መሐላ ይቀርባል፣ ምስክርም ይሰማል፤ እውነት ነው። ያ ምስክር ግን እገሌ የሟች ልጅ ነው ብሎ የሚያስረዳ ነው። የጠፋ ኑዛዜን በአፉ ሊተካ፣ ያልተነበበውን ተነቧል ሊያሰኝ አይችልም። የጽሑፍ ኑዛዜ ቃል የሚረጋገጠው ወረቀቱ ራሱ ወይም በሚገባ የተረጋገጠ ግልባጩ ሲቀርብ ነው።

በሞት አፋፍ ላይ ለሁለት ምስክሮች በቃል መናዘዝም አለ። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚሰጥ እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር ማለፍ የለበትም። ሕጉ ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ አሁን በግ እንኳ አይገዛም። ተናዛዡ ተሽሎት ሦስት ወር ከቆየም ያ ቃል ይቀራል። ቤትን በዚህ መንገድ አወርሳለሁ ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

መሬት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት የግል ንብረት አይደለም። የይዞታ መብቱ ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስነው የገጠር መሬት አዋጅ ስለሆነ (የፌዴራሉ በ2016 ዓ.ም. ታድሷል) ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መናዘዝ ያሻል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዳንድ አባቶች ቅር ሊላቸው ይችላል። ለምስክርነት ሁልጊዜ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ብቻ ለምን ይጠራሉ? ኑዛዜ የሚፈለገው ተናዛዡ ከሞተ በኋላ ነው። አራቱም እኩዮቹ ከሆኑ ከሱ በፊት ሊያልፉ ይችላሉ፤ «ፊርማው የኔ ነው» የሚል ይጠፋል። ሕጉ አካለ መጠን የደረሰ ሰው አለ እንጂ ወንድ ይሁን አላለም። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አንዲት ማንበብ የምትችል ሴትና አንድ ወጣት ቢቀመጡ ምን ነውር አለው? ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ግን ምስክር አይሁን፤ ለክርክር በር ይከፍታል።

ወረቀቱንም ሣጥን ውስጥ ከልብስ ጋር አትቆልፉት። አይጥም እሳትም አለ፣ ቁልፉን የያዘ ልጅም አለ። ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በአደራ መስጠት ይቻላል፤ ግልባጩ ቤት ይቀመጥ፣ የት እንዳለም አራቱ ምስክሮች ይወቁ።