ላስቲኩ ያልተገፈፈው ወንበር

የመሥሪያ ቤታችንን ኃላፊ ወንበር ታውቁታላችሁ። አይታችሁት ባታውቁም ታውቁታላችሁ፤ በየቢሮው አንድ አለ። ጥቁር ቆዳ፣ የሚሽከረከር፣ ከፍና ዝቅ የሚል፣ የክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ መደገፊያው ከባለቤቱ ራስ በላይ የሚረዝም። ከተገዛ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የፋብሪካው ላስቲክ ግን ዛሬም አልተገፈፈለትም። ባለቤቱ በቀን አንድ ሰዓት ቢቀመጡበት ነው። ሌላው ጊዜ ስብሰባ ነው፣ መስክ ነው፣ አዲስ አበባ ነው። እኔ እዚያው ኮሪደር መጨረሻ ላይ፣ በነጭ የፕላስቲክ ወንበር (ያው የሠርግ ድንኳን ውስጥ የሚደረደረው) ቁጭ ብዬ በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት ላፕቶፕ ላይ እጽፋለሁ። የኃላፊውን ንግግር ጭምር።

የዛሬው ጠቤ ከኃላፊው ጋር አይደለም፤ ከወንበር ድልድሉ ጋር ነው። ጅግጅጋም ሆነ አዲስ አበባ ወንበር የሚታደለው በማዕረግ እንጂ በመቀመጫ ሰዓት አይደለም። ብዙ የሚቀመጥ መጥፎው ላይ፣ የማይቀመጥ ጥሩው ላይ። ይህን ስናገር «አቦ አታካብጂ፣ ሥራ ያገኘሽው መች ነውና ነው ድሎት የምትፈልጊው?» የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ ስለ ድሎት እናውራ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች፣ አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና የመሃሉ፣ ሌሊት ሌሊት መደንዘዝ ጀመሩ። እናቴ ብርድ ነው አለች። ኤዶ የምንላቸው ጎረቤታችን በሰሊጥ ዘይት አሹልኝ። ደስ ይላል፤ ግን አልተወኝም። አንገቴ ተከተለ፤ ባጃጅ ውስጥ ዞሬ የኋላውን ማየት እስኪያቅተኝ። ሐረር ሄጄ ሐኪም አየኝ። ሥራሽ ምንድነው አለኝ። ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት፣ አሁን ኮሙኒኬሽን ነኝ አልኩት። «እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ፤ ስትጽፊ ክርንሽ የት ነው የሚያርፈው?» እውነቴን ነው፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስቀመጥ፣ ከዚያም ቢሮ ስቀመጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ክርኔ የትም አያርፍም ነበር። አየር ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፕ ሲሠራ ጀምሮ ከሰው አካል ጋር የተጣላ ዕቃ ነው። ስክሪኑና ኪቦርዱ በማጠፊያ ተጋብተዋል፤ አይፋቱም። ኪቦርዱን ለእጅ በሚመች ከፍታ ስታደርጉት ስክሪኑ ወደ ደረት ይወርድና አንገት ይጎብጣል። የሰው ራስ አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር የሚሸከመው የአንገት ጡንቻ ነው። ስክሪኑን ወደ ዓይን ከፍ ስታደርጉት ደግሞ እጅ እንደ ጸሎተኛ ወደ ላይ ይሰቀላል። የስሙ ትርጉም ራሱ ጭን ላይ ማለት ነው፤ ለመንገድ፣ ለአንድ ለሁለት ሰዓት የታሰበ። እኛ ግን የሙሉ ቀን ቢሮ አደረግነው፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ስለሚያቆይ ወደድነው፣ ዴስክቶፑን አስወጣንና ጠረጴዛውን እንዳለ ተውነው።

ጠረጴዛው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የቢሮ ጠረጴዛ የተለካው በእስክሪብቶ ለሚጽፍ ሰው ነው። ድሮ የታይፕ ጠረጴዛ ለብቻው፣ ከመጻፊያ ጠረጴዛ በጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ተደርጎ ይሠራ ነበር፤ የሚተይብ እጅ ዝቅ ብሎ ማረፍ እንዳለበት ሰው ያውቅ ነበርና። ታይፒስቷ ስትቀር ጠረጴዛዋም አብሯት ቀረ። አሁን ሁላችንም ታይፒስቶች ነን፤ የታይፒስት ጠረጴዛ ያለው ግን የለም። እኔ ቁመቴ አጭር ነው፤ ወንበሬን ከፍ ላድርግ ብል እግሬ ይንጠለጠላል፣ ያውም የፕላስቲክ ወንበር ከፍ አይልም።

«አባቶቻችን ብራና ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አይደል እንዴ የጻፉት?» ያለኝ የሥራ ባልደረባም አለ። እውነት ነው፣ ቁም ጸሐፊዎቻችን ያለ ጠረጴዛ ጉልበታቸው ላይ ነው የጻፉት። እዚህ እኛ ሰፈርም የቁርዓን ተማሪው የእንጨት ሎሁን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚቀራው። ግን ብራናውንም ሎሁንም ወደ ዓይንህ ታመጣዋለህ፣ ታዘነብለዋለህ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ታርፋለህ። ደግሞስ ጸሐፊዎቹ አላመማቸውም ያለው ማነው? የሠራተኞችን በሽታ አጥንቶ የጻፈው ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጸሐፊዎችን ሕመም ምክንያት ሦስት ነው ብሎ ነበር፦ ያለማቋረጥ መቀመጥ፣ የእጅ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ጫና። ኮምፒውተር ሳይኖር፣ ያኔ።

በእኛ አገር ነገሩ ቢሮ ውስጥ ብቻ አይደለም። ቶጎ ውጫሌ ብትሄዱ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን የሚሞላው መኪና ውስጥ ነው፣ ላፕቶፑ ጭኑ ላይ፣ ስልኩ በጆሮውና በትከሻው መካከል ተጣብቆ። ደወሌም ያው ነው፣ ሙቀቱ ሲጨመርበት። የጅግጅጋ ተማሪ ደግሞ መመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፈው ፍራሽ ላይ ነው፤ በግራ ክርኑ ትራስ ተደግፎ፣ በአንድ እጁ እየተየበ፣ ከጎኑ ቴርሞስ ሻሂ፣ አንዳንዴም ጫት። ባህል ሰደበች እንዳትሉኝ! ፍራሽና ትራስ ለወሬ፣ ለሻሂ፣ ለእንግዳ የሚተካከለው የለም፤ እኔም ያደግኩበት ነው። ለአርባ ገጽ ጽሑፍ ግን አልተፈጠረም።

ከዚያ ደግሞ ትልልቁ ወሬ አለ። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ጸደቀ። በሐምሌ 2016 የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀመረ። ጎሽ! እኔም ተመዝግቤያለሁ። ግን አምስት ሚሊዮን ኮደር ምን ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጽፈው? ጠረጴዛው ከየት ይመጣል? ላፕቶፕ ሲገዛ ርክክብ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ዜናውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ለወንበር ሪባን ሲቆረጥ ግን አይቼ አላውቅም።

ሕግም እንዳይመስላችሁ የጠፋው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደህንነት እንዲጠብቅ ያዛል፤ የመንግሥት ሠራተኛን ግን አይመለከትም፣ እኔን ማለት ነው። የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት መመሪያ ወንበሩ ከፍና ዝቅ እንዲል፣ ኪቦርዱም ከስክሪኑ የተለየ እንዲሆን ጽፈዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። «እነሱ ሀብታም ናቸው» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፦ ኪቦርድና ማውዝ የሀብታም ዕቃ አይደሉም። ሐኪሙ ያዘዘልኝ ይህንኑ ነበር። ላፕቶፑን አንድ ነገር ላይ ሰቅለሽ የስክሪኑን አናት ከዓይንሽ ጋር አስተካክዪ፣ አንድ ክንድ ያህል አርቂው፣ ሌላ ኪቦርድና ማውዝ ሰክተሽ ክርንሽን ከጎንሽ አሳርፊ፣ እግርሽ መሬት ይንካ፣ መስኮቱ ከጎን ይሁን፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ። በቃ። የመጨረሻው በነፃ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ግን ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው፣ የቆመ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላቸዋላ።

ንብረት ክፍል ሄጄ ሞዴል 20 ሞላሁ፦ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማውዝ፣ አንድ ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። «ወላሎ» አሉኝ በፍቅር፣ «ኪቦርድ የሚወጣው ለዴስክቶፕ ነው። ላንቺ የተሰጠሽ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፕ ኪቦርድ አለው።» ወንበሩስ? «ወንበሩ በደረጃ ነው።»

ኪቦርድና ማውዙን ከኪሴ ገዛሁ፤ የጥቂት ቀን ምሳዬን ዋጋ ነው የጨረሰው። ለላፕቶፑ መስቀያ ደግሞ ባዶ የወረቀት ካርቶን ወስጄ ውስጡን በአሮጌ ሪፖርት ሞላሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሪፖርት ለአንድ ሰው ጠቀመ። አንገቴ በሁለት ሳምንት ቀለለኝ፤ ጣቶቼ ቆይተው ነው የተመለሱት። ሁለት ባልደረቦቼም አይተው ካርቶን መፈለግ ጀመሩ፤ አንዱ ያው የብራናው ነው።

ባለፈው ሰኞ ሰውዬው ለቆጠራ መጡ። ካርቶኑን አዩት፣ ዞሩት፣ እኔን አዩኝ። የመንግሥት ንብረት ነው፣ ሞዴል 22 ፈርመሽ መያዝ ነበረብሽ አሉኝ። ፈረምኩ። እነሆ በስሜ የተመዘገበው ዕቃ ሦስት ሆኗል፦ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ባዶ ካርቶን።