ጋዜጠኛ ሲመጣ ማን ይናገር?



ስለ ውሃ ፈረቃችን ጋዜጠኛ ቢመጣ ማን ይናገር በሚለው ጉዳይ ሁለት ሐሳብ ይሰማል። ገሚሱ «ሊቀ መንበሩ ብቻ» ሲል፣ ገሚሱ «የደረሰ ሁሉ ይናገር» ይላል። እኛ በሁለቱም አንስማማም። ሊቀ መንበሩ ብቻውን ቢናገር የሰፈሩ ችግር የአንድ ሰው አቤቱታ ይመስላል። ሁሉም በየፊናው ቢናገር ደግሞ አንዱ «በሳምንት»፣ ሌላው «በወር» ሲል የሚመለከተው ክፍል «እነሱስ መቼ ተስማሙ?» ብሎ ያልፈናል።

በመሆኑም ውሃ የመጣበትንና የሄደበትን ቀንና ሰዓት ከዛሬ ጀምሮ በደብተር እንያዝ። ጄሪካን ሲሸከሙ ከሚውሉት እናቶች አንዷ ኑሮውን ትናገር፤ ከኮሚቴው አንዱ ደብተሩን ይዞ ይቅረብ። ብዙ ተናግረን በራዲዮ የሚወጣው ጥቂት ነውና ዋናው ነገር ይቅደም። ያላወቁትን «አጣርተን እንነግራችኋለን» ማለት ነውር የለውም። በግምት መናገር፣ የሰው ስም ማንሳት፣ መቅረጫው ጠፋ ብሎ መዘላበድ ግን ይቅር።

እርግጥ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የተሳሳተ ነገር ለተነገረበት መልስ የመስጠት መብት ይሰጣል። ታዲያ ምን ይሆናል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው! የመጀመሪያውን የሰማ ሁሉ መልሱን አይሰማም።

ስለሆነም እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተገኝተን ሁለቱን ተናጋሪዎች እንምረጥ። ዝም ካልን እኮ ውሃ ያለን ይመስላቸዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ