ከሣጥን የተረፈው መልክ

«መዝገብ የመንግሥት ደብዳቤ ነው፤ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ግን የግድግዳ ጌጥ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ሲያውክ፥ ወደ ደሴ የተሰደደው ሕዝብ ልጁን እንጂ ሣጥኑን ለመያዝ ፋታ አላገኘም። ሣጥኑ የጠፋበት ሰው የወላጆቹን መልክ ለልጁ በምን ያሳያል?

በልጅነታቸው ከአገር የወጡት ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ፥ የኢጣልያን ወረራ ዘመን ፎቶግራፎች ለዓመታት ለቅመው በ2012 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው የዘማች ሴቶችን ታሪክ አነሡ። ዳሩ ግን ከእነዚያ ፎቶግራፎች ብዙዎቹን ያነሡት የወራሪው ወታደሮች ናቸው። መልኩን ራሱ ያላኖረ ሕዝብ ከጠላት ኮሮጆ ይለምናል።

እንግዲህ መምህራንና ሹማምንት ሆይ፥ በመርሳ ከየቤቱ የተረፈው ፎቶግራፍ ስሙና ዘመኑ ይጻፍበት፤ ዋናው ከባለቤቱ ሳይወጣ ቅጂው በትምህርት ቤት ይቀመጥ። ይህ ካልሆነ የነገው ሠዓሊ ከምን ይነሣል?